የዛምዛም ልጅ ጨው ሲበትን

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጨው ሻጯ ዛምዛም ዘንድ ጨው የደፋ ሰው ጉዱ ፈላ። እኔ ሽታዬ እባላለሁ፤ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። የኔ ሸራና የሷ ሸራ በአንድ ገመድ ነው የታሰረው፤ ስለዚህ የማወራውን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ከሳቢያን ሰፈር የመጣች ደንበኛ ጣሳውን ስትቀበል እጇ ከዳትና ትንሽ ጨው መሬት ፈሰሰ። ዛምዛም አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። ዝም ብላ ጎንበስ አለችና በጣቷ ጫፍ እየለቀመች፣ አቧራውን እፍ እያለች፣ ወደ ሴትዮዋ ጣሳ መለሰችላት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሴትዮዋ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው የምትገዛው ከገበያው ታችኛው በር ነው፤ እኛ ጋ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

የገዛ ልጇንማ አታንሱት። ባርኸድ ትንሽ ልጅ ሳለ ጆንያ ሲጎትት ቀደደውና ጨዉ ከኛ ሸራ እስከ ጋሪ ማቆሚያው ተዘረገፈ። እያለቀሰ አስለቀመችው። እኔ ደሜ ፈላና፣ አንቺ ሴት፣ ልጅ አይደለም እንዴ፣ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና አባቱ የሞተው ለዚህ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባሏ ጨው ጭኖ ከበረሃ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦበት ነው የሞተው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከልጁ ጋር ተንበርክኬ ለቀምኩ።

ልጁ አደገ። አደገ ስል እንደ ሰው ልጅ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ የቤታቸው በር ጠበበው፣ ጋሪ ላይ ሲቀመጥ አህያዋ ዞራ ታየው ጀመር። ሌላው ተሸካሚ አንድ ጆንያ ይዞ ወገቤን፣ ወገቤን ሲል፣ ባርኸድ ሁለት ደርቦ እያፏጨ ያልፋል። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ወርዶ ደረቁ አሸዋ ላይ ትግል ነው። ከሳቢያን የመጣ፣ ከገንደ ቆሬ የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ይሞክረዋል፤ ሁሉም ጀርባው አሸዋ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚያን ጊዜ ለውሃ ጉድጓድ ሥራ ቢዮ አዋሌ የሚመላለስ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። መኪናው ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ሰጠመችበት። ወጣቶቹ ተሰብስበው ገፉ፤ ንቅንቅ አላለችም። ባርኸድ ሁሉንም ገለል በሉ ብሎ ወገቡን ዝቅ አደረገና ብቻውን ገፍቶ አወጣት። መሐንዲሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለካ ሰውየው ተማሪ ሳለ እሱም ሱሞ የሚባለውን የአገራቸውን ትግል ይታገል ኖሯል፤ ታጋዮች አብረው የሚኖሩበትና የሚሠለጥኑበት ቤት የሚያስተዳድር ወዳጅም ቶኪዮ አለው። ወር ሳይሞላ ልጁን ወደዚያ ቤት ልላከው ሊል በአስተርጓሚ ዛምዛም ዘንድ መጣ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስጊድ አለ ወይ? አለ አላት። ስለ አለባበሱ ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልተናገረ።

ልጁ በሄደ በጥቂት ወሩ ፎቶ ላከ። እህቱ ኡባህ ናት ስልኩን ይዛ እየሮጠች የመጣችው። ባርኸድ ቆሟል፤ ፊቱ በሳቅ በርቷል፤ ወገቡ ላይ ከተጠመጠመች ጥቁር ጨርቅ በቀር እናቱ እንደወለደችው ነው። ዛምዛም ስልኩን ወደ ብርሃን፣ ወደ ጥላ እያደረገች አየችው። ልብሱስ አለች። ኡባህ ድምጿ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም፤ ሆዮ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ልብሱ ይሄ ነው አለቻት። ዛምዛም ስልኩን መለሰችላት፤ ራሷ ላይ ያሰረችውን ጉፍታ አስተካከለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ “ልጄ ጃፓን መኪና ፋብሪካ ነው የሚሠራው” አለች።

በቃ። ባርኸድ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ሀናድ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፤ ምላሱ ከባጃጁ ይፈጥናል። እሱ በየሳምንቱ እየመጣ፣ እማማ ዛምዛም፣ ለልጅሽ ንገሪልኝ፣ የማርሽ ዕቃ ይላክልኝ ይላታል። እሷም ዓይኗን ሳታሽ ሥራ በዝቶበታል ትለዋለች። ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ሰገድክ ወይ፣ በላህ ወይ ትለዋለች እንጂ ስለ ሥራው ትንፍሽ አትልም። እሱም አያነሳባትም። የሚያወራው ለኔ ነበር። እትዬ ሽታዬ ይለኛል፤ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

ምን ያልነገረኝ አለ! መጀመሪያ ገደማ ከሁሉም ቀድሞ እየተነሳ ግቢ ይጠርጋል፣ የታላላቆቹን ጀርባ ያጥባል፣ ዓሣና ጎመን በትልቅ ድስት ይቀቅላል። የአሳማ ሥጋ የሚገባበት ቀን ለሱ ለብቻው ትንሽ ድስት ተፈቀደለት። ፀጉሩን አሳድገው አናቱ ላይ አሰሩለት። የቤቱ መምህር ድሬዳዋ ሙቀቷ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ጠዋት እንኳ ድንጋዩ ስለሚያቃጥል አይቀመጡበትም አለው፤ በዚህ የተነሳ ናትሱያማ የሚል የትግል ስም አወጣለት፣ የበጋ ተራራ ማለት ነው አሉ። በረመዳን ጾሞ ይታገላል። ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ወጣ። እኔና ኡባህ በርበሬ ጆንያ ጀርባ ተደብቀን በስልክ እናየዋለን፤ እሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ፈረቃዋ ከሰዓት ሲሆን ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ናት።

አንድ ቀን ባርኸድ እየሳቀ አንድ ነገር ነገረኝ። ከላይ ያሉት ባለ ደሞዝ ታጋዮች ከመግጠማቸው በፊት ሜዳውን ለማንጻት ጨው ይበትናሉ። ጆንያ ሙሉ ጨው በየቀኑ መሬት ይደፋል። እንደሱ ከታች ያለው ግን ለጨው አልደረሰም፤ ዝም ብሎ ገብቶ ይታገላል። “እትዬ ሽታዬ፣ ለሆዮ እንዳትነግሪያት፤ ራቁትህን መቆምህ ሳያንስ ጨው የሚደፉ ሰዎች መሀል ነው ያለኸው ብላ ትመልሰኛለች።” ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ። ቀዶ ጥገና አደረገ፣ ወራት ተኛ፣ ያንን ሁሉ የወጣውን ደረጃ ቁልቁል ተንከባለለ። ሲድን ከዜሮ ጀመረ፤ ገና ጢም ካላበቀሉ ልጆች ጋር ተጋጠመ፣ እንደገና ድስት ጠበቀ። እናቱ ይህንን አንዱንም አታውቅም፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው ይላታል። እንደገና ወጣ። ደሞዝ፣ የራስ ክፍልና ያቺ ጨው ካሉበት ደረጃ በር ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። አንድ ውድድር ያሸንፍና ይጠጋል፣ በሌላው ተሸንፎ ይመለሳል። በመጨረሻ ደወለልኝ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ደክሞ ነበር።

“ጉልበቴ ሌላ ዓመት አይሸከመኝም፣ እትዬ ሽታዬ። ዘንድሮ ካልገባሁ ትቼ እመጣለሁ።”

ልቤ ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ ልቤ ሲሰበር ነው ምላሴ የሚረዝመው። ና፣ ጆንያው ይጠብቅሃል፣ ሀናድም የማርሽ ዕቃውን እየጠበቀ ነው፣ ምን ይዘህ ልትመጣ ነው አልኩት። ሳቀ። ስልኩን ዘግቼ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ላብ፤ ተመልሶ ቢመጣ እናቱ እንኳን ምን ሆነህ መጣህ ብላ የማትጠይቀው ልጅ!

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ውድድር ላይ ያሸነፈውና የተሸነፈው እኩል ሆነና የመጨረሻዋ ግጥሚያ ብቻ ቀረች። ካሸነፈ ይገባል፣ ከተሸነፈ ሻንጣውን ያስራል። ግጥሚያዋ እዚያ በነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሆናል። እነሱና እኛ ሰዓት ስንሞላ የተማከርን ነው የሚመስለው። ኡባህ ስልኩን የሚጥሚጣ ጣሳ ላይ አስደገፈችው። ከወዲያ በኩል ዛምዛም ጨው ትሰፍራለች።

ሁለቱ ፊት ለፊት አጎነበሱ። እጃቸው መሬት ሲነካ ተላተሙ፤ ድምፁ በዚያች ስልክ ውስጥ እንኳ ያስፈራል። ያ ሰውዬ ግድግዳ ነው። ባርኸድን እየገፋ፣ እየገፋ ዙሪያውን ወዳለው የገለባ ገመድ አደረሰው። ተረከዙ ገመዱ ላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ መሸነፍ ነው። የታመመው ጉልበቱ ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁት። ኡባህ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ግን ልጁን ከስር ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወገቡን ዝቅ ሲያደርግ አየሁ፤ ጆንያ ሊያነሳ ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሁለት እጁን ሰውየው ቀበቶ ውስጥ አስገባ። ሰውየው እግሩ መሬት ለቀቀ! ባርኸድ ተሸክሞት፣ በዚያች ጉልበት ተሸክሞት ሜዳውን አቋርጦ ከገመዱ ማዶ አስቀመጠው፤ አውርዱልኝ ያሉትን ጆንያ እንደሚያወርድ በቀስታ።

ጮህኩ። ጣሳው ተገለበጠ፣ ሚጥሚጣው ተነሳ፣ እኔና ኡባህ ተቃቅፈን እያነጠስን አለቀስን። ዛምዛም ምን ሆናችሁ ብላ ብቅ አለች። በርበሬ ዓይናችን ገባ አልኳት፤ ውሸትም አልነበረ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ደረጃው ወጣ፤ ባርኸድ ገብቷል። ኡባህ አላስቻላትም፤ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ነገሩን ከአንድ በኩል ጀመረችላት። ሆዮ፣ ባርኸድ ትልቅ ደረጃ ደርሷል፤ ከእንግዲህ ቀን በቀን ሕዝብ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ ሽርጥ ለብሶ ነው የሚወጣው፣ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ። ዛምዛም እጇ ጨው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ጥልፍ አለው ወይ አለች። አለው። ማን ጠለፈለት? እዚያ የሚኖርበት ሰፈር ሰዎች፣ የሚወዱት ደጋፊዎቹ አዋጥተው አሠሩለት፤ ምን ይጠለፍልህ ሲሉት ጨው የጫነች ግመል አላቸው። ደንበኛ መጥቶ ቆመ፤ እሱንም አላየችውም። በመጨረሻ፣ ሽርጡን ብቻ አያለሁ፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ አለች።

ቀኑ ሲደርስ ስልኩን የሷ ሚዛን ላይ አቆምነው። እሷ፣ ኡባህና እኔ ሦስታችን ብቻ ልናይ ነበር፤ ግን ሀናድ የሚባለው መዓት ባጃጁን አቁሞ መጣ፤ ለማርሽ ዕቃው ነው። ከትከሻችን በላይ አጮለቀና ገበያ በሚያስለቅቅ ድምፅ፣ ወሪያ፣ ይሄ ባርኸድ አይደለም እንዴ አለ። ሽንኩርት ሻጩ ዑመር መጣ፣ ጋሪ ነጂዎቹ መጡ፣ የቆሎ ሻጮቹ ጉሊታቸውን ጥለው መጡ። ዛምዛም ፊቷ ተለዋወጠ። ስልኩን አንስታ ጡቷ ስር ትከተዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳችውም።

ታጋዮቹ በሰልፍ ወጡ። ከነሱ መሀል የኛው የድሬ ልጅ ይመጣል፤ ከወገቡ እስከ እግሩ ሰማያዊ ሐር፤ ሐሩ ላይ በወርቅ ክር ጨው የጫነች ግመል። ዛምዛም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች፤ የግመሏ ጭነት ወደ ግራ አዘንብሏል፣ እንዲህ አይጫንም አለች። ሰልፉ አለቀ። ኡባህ ቃሏን ልትጠብቅ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች።

“ተዪው” አለች ዛምዛም።

ያን ጊዜ ነው ጨው ትዝ ያለኝ። ሽርጡ ወልቆ ግጥሚያው ሲደርስ የባርኸድ ባላጋራ ወደ ቅርጫቱ ሄደ፣ እፍኙን ሞላ፣ ወደ ላይ በተነው፤ ነጭ ሆኖ ወረደ። ዛምዛም ምንድነው እሱ አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጨው ነው፣ ሜዳውን ለማንጻት ነው፣ ወጋቸው ነው አልኳት። ጨው? አለች። አዎ፣ ጨው።

ተራው የባርኸድ ሆነ። ያን ቅርጫት ሙሉ ጨው ቆሞ አየው። ይህን ያህል ዓመት ሲመኘው ኖሯል፤ ከደረጃ ወርዶ የወጣው፣ በዚያች ጉልበት ያን ግድግዳ የተሸከመው ለዚህ ነው። እጁን አስገባ። በሦስት ጣቱ ቆንጠር አደረገና፣ ወጥ እንደሚያጣፍጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ እግሩ ስር ነሰነሳት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባላጋራው እንደገና እፍኝ ሙሉ በተነ፤ ባርኸድ እንደገና ቆንጠር። ሰዉ እዚያ ያጨበጭባል፣ ይስቃል። እኛ ዘንድ ሀናድም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዛምዛም ከተቀመጠችበት ተነሳች። ዓይኗ ሞልቷል። ሀናድን ፊት ለፊት አየችው።

“ምን ያስቅሃል? ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልጄ ነው። መኪና ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም፤ ታጋይ ነው፣ ልጄ ነው!”

ሀናድ ሳቁን ዋጠ። ማርሽ ዕቃው ይቅርብኝ እማማ አለ፤ የምሬን ነው፣ እሱም ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግጥሚያው ረጅም አልነበረም። ባርኸድ ሰውየውን ደረቱ ላይ ተቀበለው፣ ቀበቶውን ያዘ፣ ገፍቶ ገፍቶ ከገመዱ አሻገረው። ቀፊራ እልልታውን ለቀቀው፤ ሶማሊኛው ከኦሮምኛው፣ አማርኛው ከአረብኛው ተደባለቀ፤ ከላይኛው በር ሠርግ ነው ወይ ብለው የመጡ አሉ።

ሲደውል ስልኩን ከኡባህ እጅ የነጠቀችው ዛምዛም ናት። ሰገድክ ወይ አላለችውም፣ በላህ ወይ አላለችውም።

“ባርኸድ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲበትን አንተ ለምን ቆነጠርክ?”

የመንደር ተራራ የሚያህል ሰውዬ ድምፁ የሕፃን ሆነ። ሆዮ፣ እንዳይባክን ብዬ ነው አለ። እሷ ዓይኗን በጉፍታዋ ጫፍ ጠረገች።

“ነገ እፍኝህን ሙላ። አባትህ ከበረሃ የጫነው ላንተ ነበር። ከጎደላቸው እኔ እልካለሁ።”

በማግሥቱ ጠዋት ቀፊራ ውስጥ ሥራ የሠራ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም። ዑመር ከቤቱ ትልቅ ቴሌቪዥን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ባርኸድ ወደ ቅርጫቱ ሄደ። እጁን እስከ አንጓው ሰደደ፤ ያ ጆንያ የሚያነሳ መዳፍ ሞልቶ ወጣ። አንዴ ቀና ብሎ ወደ እኛ ያየ መሰለኝ። ከዚያ ወረወረው፤ መብራቱ ድረስ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ በረዶ ሆኖ ሜዳው ላይ ወረደ። ከአዳራሹ የተነሳው ጩኸት የዑመርን ቴሌቪዥን ሊሰነጥቀው ደረሰ። በዚያን ቀንም አሸነፈ። ይህን ለመናገር እንኳ አልቸኮልኩም፤ ሳይታገል አሸንፎ ነበር።

ሰዉ ወደየጉዳዩ ሲበተን አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ መጣች። አወቅኋት፤ ያቺ የሳቢያኗ፣ ከታችኛው በር የምትገዛዋ። ወሬውን ሰምታ ነው። እንኳን ደስ አለሽ አለችና ጣሳዋን ዘረጋች። ዛምዛም ሰፈረችላት፤ ከአፉ በላይ ቁልል አድርጋ። ሴትዮዋ ስትቀበል ቁልሉ ተናደና ጨዉ መሬት ፈሰሰ። ሴትዮዋ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ሴትዮዋ ልትለቅም ስታጎነብስ ዛምዛም ክንዷን ይዛ ቀና አደረገቻት።

“ተዪው” አለቻት። “እሱ የባርኸድ ነው።”